«በአባቴ ሙት ዓመት ላይ ስለ ዓሣ ማጥመድ ይወራል ወይ?»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከጎንደር ነው። አባቴ ካረፈ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዓመት ይሞላዋል። 34 ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ግን የምናውቀው በቅዳሜው ነው። ቅዳሜ ጎርጎራ ወርዶ በመንጠቆ ዓሣ ያጠምዳል፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ደግሞ ስሜን ወጥቶ ይጓዛል። አራታችንንም በየተራ ይዞን ሄዷል። በሁዳዴ እናቴ ዓሣ ቤት ስለማታስገባ ያጠመደውን አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉ ሙስሊም ወዳጁ ይሰጥ ነበር፤ አምባዛማ በፍስክም «ቅርፊት የሌለው ነገር ቤቴ አይገባም» ትላለች። ቀብሩ ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል የለም። አሁን የሙት ዓመቱን እኔ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ «በሙት ዓመት ላይ ስለ ዓሣ ማጥመድ ይወራል? ሰው ይስቅብናል» አሉ። እናቴ ደግሞ «ቅዳሜዬን ሐይቁ ወሰደብኝ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ላመስግነው?» ብላኝ ወጣች። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ፎቶው ያለበት ቲሸርትና ትልቅ ባነር ይሠራ እያለ ብር ሊልክ ነው። የአባቴ መንጠቆዎች፣ የሩቅ ማያ መነጽሩና ቦት ጫማው ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። የጻፈባቸው 11 አጀንዳዎችም አሉ። አንዱን ገልጬ «ታላቋ 2 ቆሮሶ፣ ትንሹ 1፣ እኔ የለም» የሚል ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ሌላው ላይ «ሳንቃ በር። ብርድ። ጦስኝ ለቤት» ይላል፤ ሳንቃ በር ስሜን ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ «እምቦጭ ነቀላ፣ ከልጆቹ ጋር» ብቻ ነው ያለው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሁልጊዜ ባዶ ነው። ምን ልጻፍ? ዕቃውንስ ምን ላድርገው?

ታላቋ ልጅ፣ ከጎንደር

መልስ፦

እህቴ፣ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፣ እናንተንም ያጽናችሁ። አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥሽ፦ አዎ፣ ይወራል። እንዴት እንደሚወራ፣ ማን እንደሚያወራውና ከሁሉም በፊት እናትሽ ምን ማየት እንዳለባቸው ግን ረዘም ያለ ነገር አለኝና ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ቀብር ላይ ከሚነበበው ወረቀት ልጀምር። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ይልና ይቀጥላል። «በተመደቡበት የሥራ መስክ ሁሉ በቅንነት አገልግለዋል።» «ሰው አክባሪ፣ ደግ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።» ከዚያ ሕመሙ፣ ከዚያ የልጆች ቁጥር፣ አለቀ። ስሙን ቀይረሽ በሌላ ሰው ቀብር ላይ ብታነቢው ማንም ልብ አይልም። በጸሐፊዎቹ ግን አልፈርድም። ወረቀቱ የሚጻፈው በለቅሶ መሀል ነው፣ ብዙ ጊዜም «እሱ ጽሕፈቱ ያምራል» በተባለ አንድ ምስኪን ዘመድ። በግራ በቀኝ «ይሄን ጨምር፣ ያንን አውጣ» እየተባለ፣ ሬሳው ሳይወጣ መጨረስ አለበት። በራሴ አባት ቀብር ላይ የልጆቹ ቁጥር አንድ ጎድሎ ነው የተነበበው። የጎደልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ንድድ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሥቀኛል፤ አባቴም ቢሰማ ሆዱን ይዞ ነበር የሚሥቀው።

ሙት ዓመት ሌላ ነው። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ ሁሉ አልፏል። ካህናቱ ፍትሐታቸውን ያደርሳሉ፣ ነዳያን ይበላሉ፣ ጸበል ጸዲቁ ይቀመሳል። ያ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው፣ እኔም አንቺም አንነካውም። ከምግቡ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሚነገረው ግን የእናንተ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራችሁ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። «ሰው ይስቅብናል» ማለታቸው አይገርመኝም። የእሳቸው ትውልድ ጨዋታ ለልጅ የተተወ ነገር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ትልቅ ሰው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ቢሮ ይገባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር አቧራ እየቃመ ወርዶ፣ ለሦስት ቆሮሶ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ሲያፈጥ መዋል «ምን ነካው?» ያሰኛል። ሌላም አለ፣ በግልጽ የማይነገር። በእኛ አካባቢ ዓሣ ማጥመድ የጨዋ ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። ኑሮውን ከሐይቁ ጋር ያደረገውን ወይጦን ሰዉ ስንት ዘመን እንዳገለለው አጎትሽም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። እና የእሳቸው እፍረት ከአባትሽ መንጠቆ የቆየ ነው። አትፍረጂባቸው። ግን አትታዘዣቸውም።

ምክንያቱም አንድ የረሱት ነገር አለ። የድሮ ሰው ለቅሶ እንዴት ነበር? የሟቹ ፈረስ እንደተሸለመ በለቅሶው መሀል ይዞር ነበር። ጋሻው፣ ጎራዴው፣ ጠመንጃው፣ ካባው ተይዞ ይወጣል። አልቃሿ ስም ብቻ አልነበረም የምትጠራው። አዳኝ ከሆነ የገደለውን፣ ፈረሰኛ ከሆነ ጉግሱን እያነሣች ነው ሰዉን የምታስለቅሰው። አሁን አደንና ጉግስ ምንድን ነው? ደጅ የሚውሉበት ጨዋታ አይደለም እንዴ? ለቅድመ አያት ፈረሱ ከዞረለት ለአባትሽ መንጠቆው ቢነሣ ምኑ ነው ነውር? እንዲያውም ቢሮና ደመወዝ ብቻ የሚቆጥረው የአሁኑ ወረቀት ነው ከወጋችን የራቀው። እኔ ሙሾ አውጪ አይደለሁም፣ ግን ደብዳቤሽን እያነበብኩ ይሄ መጣልኝ፦

ታንኳው ባዶ ቀረ ደንገሉም ደረቀ፣
ቅዳሜን የሚያውቃት ሰውየው ራቀ።

አትሣቂ። አንዲት የጎንደር አልቃሽ ብትሆን ከዚህ በእጅጉ የተሻለ ታወጣ ነበር።

አጎትሽ ጋ ስትሄጂ ታዲያ ይሄን ሁሉ ለክርክር እንዳታነሺው። ክርክሩን ብትረቺ እንኳ አጎትሽን ታጫቸዋለሽ። ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «ጋሼ፣ አባቴ መጀመሪያ ዓሣ ያጠመደው የት ነው?» በያቸው፣ ከዚያ ዝም በይ። ግምቴን ልንገርሽ? መልሱ ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ላይ የሚጀምር ይመስለኛል፣ ሁለት ልጆች ከእናታቸው ተደብቀው። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ጎንደር ያደገ ስንት ወንድ ልጅ ነው በቀሃ ውሃ ምክንያት ያልተገረፈ? ታሪኩን ከነገሩሽ የመጀመሪያውን ክፍል እሳቸው ያንብቡት፦ ትውልዱን፣ ልጅነቱን፣ ወላጆቻቸውን። ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ክብራቸው ነው። ያንን ክፍል ከእሳቸው በቀር በሕይወት ያለ የሚያውቀው ሰውም ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ክፍል ያንቺ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እናትሽ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። «ቅዳሜዬን ሐይቁ ወሰደብኝ» ያሉትን እንደ ሐዘን ምሬት ቆጥረሽ ያለፍሽው ይመስላል፤ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ሰጥተሽዋል፣ ያውም ከአጎትሽና ከባነሩ መሀል። እስቲ ጎንደር ላይ ቅዳሜ ምን እንደሆነ አስቢ። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የሳምንቱን አስቤዛ ተሸክሞ መምጣት አለ። ልብስ አጠባ አለ። ማኅበር ካለ ማኅበር፣ ለቅሶ ካለ ለቅሶ መድረስ አለ። አባትሽ አንዱን ልጅ ይዘው ሲሄዱ ሦስቱ ከማን ጋር ነው የቀሩት? ማታ ያን ዓሣ ማን ጠረገው? ጭቃና የዓሣ ሽታ የያዘውን ሱሪስ ማን አጠበው? አራታችንንም በየተራ ይዞን ሄዷል ብለሻል። ተራው ውስጥ እናትሽ የሉም። ስለዚህ አንቺ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆመሽ «አባቴ ለቤተሰቡ የተሰጠ ሰው ነበር» ብለሽ ስታነቢ፣ እናትሽ ከፊት ተቀምጠው ስለ ሌላ ሰው የምታወሪ ነው የሚመስላቸው።

አባትሽን እየከሰስኩ አይደለም። አንዳንዱ አባት ቅዳሜውን የት እንደሚያሳልፍ እናውቃለን፤ ጠጅ ቤት ወይ ካርታ ጨዋታ፣ ማታ ደግሞ ባዶ ኪስና ቁጣ ይዞ ይገባል። ልጁን ይዞ ውሃ ዳር የሚውል፣ ትል አብሮ የሚቆፍር፣ ጸጥታ የሚያስተምር ስንት አለ? ያንቺ አባት እንደዚያ ነበሩ። የእናትሽ ቅዳሜም ተወስዷል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ጽሑፍሽ ሁለቱንም ከያዘ ሰው ያምንሻል። አንዱን ብቻ ከያዘ ግን ያው «ሰው አክባሪና ደግ» የሚለው ወረቀት ነው፣ መንጠቆ ተጨምሮበት።

እና ምን ታደርጊያለሽ? አጀንዳዎቹን ለእናትሽ ስጪ። ከአጎትሽ በፊት፣ ከወንድሞችሽና ከእህቶችሽ በፊት፣ አንቺም ጨርሰሽ ከማንበብሽ በፊት። መልሰሽ መዝጋትሽ ጥሩ አደረግሽ፤ ምናልባት መጀመሪያ የሚገልጠው ሌላ ሰው እንደሆነ ተሰምቶሽ ይሆናል። ቡና ይፈላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ፣ «እማዬ፣ ይሄን አይተሽው ታውቂያለሽ?» በያት። ዓይን ካስቸገራቸው አንቺ አንብቢላቸው። ምንም አታብራሪ። «አየሽ እንዴት እንደሚወድሽ» የሚል ስብከት እንዳይወጣሽ፣ አደራ።

«ጦስኝ ለቤት» የሚለውን ስትደርሱ ግን ቀስ በይ። ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፣ የሚጽፉት በደረሰኝ ቋንቋ ነው። «ለቤት» ማለት ለማን እንደሆነ የሚያውቁት እናትሽ ብቻ ናቸው። ምናልባት «አዎ፣ በዚያ ነበር ሻይ የማፈላው» ይላሉ። ምናልባትም «ጦስኝ ምን ያደርግልኛል፣ ጫማ በገዛልኝ!» ይሉ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ብሰማ ደስ ይለኛል። ከፈቀዱልሽ እሱኑ ጻፊው፣ እንዳለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች በሙሉ ይሥቃሉ፣ ግማሾቹም ያለቅሳሉ፤ ስለ ትዳራቸው ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር እኔም አንቺም አንጽፍም።

አንብበው ሲጨርሱ «እኔ ምንም እንዲነገር አልፈልግም» ቢሉስ? ያን ጊዜ ተይው። ይሄን ስል ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን የባላቸው ነገር ነው፤ ምን እንደሚወራ የመወሰን ቅድሚያ የእሳቸው ነው። የአጎትሽን «ሰው ይስቅብናል» እና የእናትሽን «አልፈልግም» በአንድ ሚዛን አታስቀምጪ። ጽሑፉን ጽፈሽ ለእኅት ወንድሞችሽ ታካፍያለሽ፣ ለልጆቻችሁ ይቀመጣል።

እሺ ካሉ ደግሞ ወደ መጻፉ እንሂድ። የመጀመሪያው ምክሬ፦ «ተፈጥሮን ይወዱ ነበር» አትበይ። ብሮሹርም አትጻፊልን። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ዝርዝር ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ከላሊበላ ጋር መመዝገቡ ያኮራል፣ ዋልያም ከዚያ በቀር የትም የለም፤ ግን ድንኳንሽ ውስጥ ያለው ሰው ጎንደሬ ነው፣ ይሄን ያውቃል። የማያውቀው አባትሽን ነው። ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ መኪና ውስጥ ምን ያወሩ ነበር? ይዘፍኑ ነበር ወይስ ዝም ይላሉ? ከስካውቱ፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ሽሮውን ማን ያሞቀው ነበር? ሳንቃ በር ላይ የጭላዳው መንጋ ሣር እየነጨ ወደ እናንተ ሲጠጋ፣ አንቺ ስትፈሪ እጅሽን ያዙሽ ወይስ «ሣር በላ ነው፣ አንቺን ምን ያደርግሻል» ብለው አላገጡብሽ? የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ያ ነው የሚጻፈው።

«ታላቋ 2 ቆሮሶ፣ ትንሹ 1፣ እኔ የለም።» ይቺን እንዳለች አንብቢያት። ምንም ማብራሪያ አትጨምሪባት። ከራሳቸው በፊት የልጆቹን መዝግበው፣ ራሳቸውን «የለም» ብለው በሐቀኝነት ያስቀመጡ ሒሳብ ሠራተኛ! በሥራ ገበታቸው ላይ «በቅንነት አገልግለዋል» የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ስለዚያ ባዶ ክረምት ደግሞ የሆነ ነገር ልንገርሽ። ጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም የትም አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭ ሽቅብ ይጓዛሉ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን በጅምላ ነው የሚያነሣው። ዓሣው እየመነመነ ነው ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። እና የአባትሽ አጀንዳ ሦስት ወር ባዶ የሚሆነው ዝናቡን ፈርተው አይመስለኝም፤ ስሜን ብርድ ላይ የሚያድር ሰው የጎርጎራን ዝናብ ይፈራል? በአንድ መንጠቆ የሚጎዳ ዓሣ እንደሌለ ያውቁ ይሆናል፣ ግን ተዉት። ምናልባት። የሚያረጋግጥልሽ ሰው ግን አለ።

የአዲስ ዓለሙ ወዳጃቸው። እሳቸውን ሂጂና አነጋግሪያቸው፣ ስልክ አይደለም፣ በእግርሽ ሂጂ። በየሁዳዴው ዓሣ የተቀበሉ ሰው ብዙ ነገር ያውቃሉ። ልጅ ያላየውን፣ ሚስት ያልሰማችውን አባትሽን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፦ ከጥሮታ በፊት የጨነቃቸውን፣ ስለ እናንተ ሲኩራሩ ምን እንደሚሉ፣ ምናልባት ስለዚያ ቅዳሜ ነገር ከእናትሽ ጋር ሲጣሉ ምን እንዳሉ። ለሙት ዓመቱም ጥሪያቸው፤ እንደ ወጉ ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ ይታረዳል፣ እናትሽ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ፈቃደኛ ከሆኑ ሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ጎንደር ላይ አንድ ሰው በሁዳዴ ያጠመደውን ዓሣ ስንት ዓመት ሙሉ ወደ አዲስ ዓለም መላኩ በማይክ ቢነገር ማንም አይስቅም፤ አጎትሽም ጭምር።

እምቦጩን አትርሺ። ያ አረም ጣና ላይ በ2004 ገደማ ከታየ ወዲህ ስንት ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይበቅላል። መንጠቆውን ትተው ልጆቻቸውን ይዘው ሲነቅሉ መዋላቸው አንድ መስመር ይገባዋል። ከዚያ በላይ አታስረዝሚው፣ ንግግር ይሆንብሻል።

አምባዛው ግን ሙሉ አንቀጽ ይገባዋል! በር ላይ ቆመው አምባዛ ይዘው የሚለማመጡ ሰውዬ፣ «ቅርፊት የለውም» ብለው በሩን የያዙ ሚስት። እባክሽ ይሄን ጻፊው።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ሰው በልቷል፣ ጠላም ቀምሷል፣ ዝናብም እየመጣ ነው፣ ሐምሌ ነው። ሁለት ጊዜ ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ የምታለቅሺበትን ቦታ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ቆም ብለሽ ውሃ ትጠጫለሽ።

ወንድምሽ። ባነሩን ይሥራ፣ አንድ ባነር። በእኔ አስተያየት ቲሸርቱ ይቅር፤ ዓመት ቆይቶ የአባትን ፊት ደረት ላይ አትሞ መምጣት ለእኔ አይመቸኝም፣ ሌላው ሰው ደስ ይለው ይሆናል። ግን ልጁ ብር የሚልከው ለምን እንደሆነ ገምቺ። ሩቅ ነው፣ ሌላ የሚያደርገው የለም። አንድ ነገር ስጪው፦ የእሱን ተራ ይንገርሽ። ከአባቱ ጋር የወረደበትን አንድ ቅዳሜ በድምፅ ቀድቶ ይላክ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ድንኳኑ ውስጥ በማይኩ ይሰማ። ሌሎቹም አንድ አንድ ታሪክ ያምጡ። አራት ልጅ፣ አራት ቅዳሜ። ታሪኮቹ ባይገጣጠሙ አታስተካክያቸው።

ዕቃውን በተመለከተ አትቸኩዪ፣ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ እንዲበሰብስም አትተዪው። መጀመሪያ መንጠቆዎቹን ከክሩ አውጥተሽ በቆርቆሮ ውስጥ ዝጊ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የዛገ መንጠቆ ሌላ ለቅሶ ነው የሚያመጣው። አንዱን ዘንግ ለአዲስ ዓለሙ ሰውዬ ስጪ። የሩቅ ማያ መነጽሩ ከልጅ ልጆቹ መሀል ዝም ብሎ ወፍ ለሚያየው ይሁን፤ ሁልጊዜ አንድ አለ። ጃኬቱን እናትሽን ሳትጠይቂ እንዳትነኪው፣ ኪሱንም አትፈትሺ። ቦት ጫማውን ግን ጣይው። ለማንም አይሆንም፣ ሽታውም ለማንም አይሆንም።

አጀንዳዎቹን እናትሽ አይተው ሲፈቅዱልሽ በዚያው ቀን በስልክሽ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺያቸው። ዕቃ ቤት አይጥ አለ፣ ክረምቱም እየመጣ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ርጥበት ይጠላል።

ጎርጎራስ? ሐምሌ ላይ አይደለም፤ የአባትሽ አጀንዳ በሐምሌ ባዶ ነው፣ እናንተም አክብሩት። ኅዳር ላይ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ልጆቹ ሁሉ ውረዱ። እናትሽን ጠይቂያቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትለማመጪ። ከመጡ ሥራ እንዳታስይዣቸው። እንጀራውን አንቺ ቋጥሪ፣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ፣ ዓሣውን ወንዶቹ ይጥረጉ። እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያን ሐይቅ ይዩት፣ ከፈለጉም ይስደቡት። አምባዛ ከያዛችሁ ደግሞ ቤት ይዛችሁ እንዳትገቡ። በአዲስ ዓለም በኩል አድርጉ።